የኋላ በር ስላስገባት፣ የፊት በር ስላሳሰራት ባለሙያ የተሰጠ ሁለተኛ ቃል

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሥራ ቦታም በሰፈርም «አባ መቀርቀሪያ» በመባል የሚታወቁ
ዕድሜ፦ በትክክል አይታወቅም፤ ምስክሩ «ከሰባ አልጎድልም» ብለዋል
ሥራ፦ በመድኃኒት ማከፋፈያ ድርጅት የፊት በር ጥበቃ
አድራሻ፦ ከድርጅቱ ጀርባ፣ ከጋራዡ ቀጥሎ ባለው ቅያስ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ቤት
የትምህርት ሁኔታ፦ ማንበብና መጻፍ አይችሉም
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ
ጉዳዩ፦ እሁድ ከቀትር በኋላ በድርጅቱ የኮምፒዩተር ክፍል ስለተያዘችው ተጠርጣሪ

እኔ ከላይ መጠሪያዬ የተጻፈው ምስክር እሁድ ዕለት በዚሁ ጣቢያ አጭር ቃል ሰጥቼ ነበር። ያን ቃል የሰጠሁት ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው። የዛሬውን የምሰጠው ተቀምጬ ነው። የእሁዱ ቃሌ ሲጠቃለል «ሌባ ይዣለሁ» የሚል ነበር። የያዝኳት ሴት ሌባ አይደለችም። ዛሬ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር የመጣሁት ይህንኑ ለማስመዝገብ ነው። መርማሪው «እሁድ የተናገሩት ሐሰት ነበር ወይ?» ብሎ ጠይቆኛል። ያየሁትን ተናግሬያለሁ፣ የማውቀውን ግን ሁሉንም አልተናገርኩም ብዬ መልሻለሁ። በኔ ዕድሜ ይህን ማለት ድንጋይ ከመሸከም ይከብዳል። ይህም ይጻፍልኝ፣ አታሳምረው ብዬዋለሁ።

የምሠራበት ድርጅት ለየጤና ጣቢያው መድኃኒት ያከፋፍላል። ግቢው ሁለት በር አለው። የፊቱን በር የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ የኋላውን የሚጠብቀው የሚስቴ ታናሽ ወንድም ነው። አሁን «ጥበቃ» ይሉናል፤ እኔ ግን ዘበኛ ነኝ። ሠራተኛው እኔን አባ መቀርቀሪያ፣ እሱን አባ ይግቡ ብሎ ይጠራናል። እሱ የመጣውን ሁሉ «ይግቡ፣ ይግቡ» ስለሚል ነው። እኔ ዳይሬክተሩንም ቢሆን መታወቂያቸውን ሳላይ አላሳልፍም። ማየት ስል ፎቶውን ነው፤ ጽሑፉን አላውቀውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ ነው በዚያ በር ላይ ያረጀሁት።

ከሚስቴ ወንድም ጋር አንነጋገርም ነበር። መርማሪው ምክንያቱን ስለጠየቀኝ እናገራለሁ። ባለፈው ክረምት ድርጅቱ ለእንግዳ መግቢያ አዲስ ወረቀት አወጣ። አንዱን ከእንግዳ እጅ ተቀብዬ ግንባሬን ቋጥሬ ስመለከተው፣ የሚስቴ ወንድም ያንን ሁሉ ሠራተኛ አስቁሞ «ጋሼ፣ ወረቀቱን ገልብጠው ይዘውታል እኮ! ወይስ እንግዳው በጭንቅላቱ ቆሞ ነው የሚገባው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሾፌሮቹ መሪያቸው ላይ ተደፍተው ሳቁ። እንግዳውም ጭምር ሳቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ አፌን አልከፈትኩለትም።

ቤቴ ሲመጣ የምንነጋገረው በሚስቴ በኩል ነበር። እኔ «ንገሪው፣ በሩን ዘግቶ ይግባ» እላለሁ። እሱ አጠገቤ ተቀምጦ «ዘግቻለሁ በይው» ይላል። ሚስቴ «እኔ የስልክ ቤት ነኝ እንዴ?» እያለች ታቀብለናለች። በሥራም እንደዚያው ነበር። በኋላ በር የገባ እንግዳ ወደ ፊተኛው ሕንጻ ሲመጣ እኔ እንደ አዲስ «ማነህ? ከየት ነህ? ማንን ፈልገህ ነው?» እለዋለሁ። «አሁን እኮ ያኛው ጥበቃ ጠይቆ አስገብቶኛል» ሲለኝ «ያኛው በር ያኛው ነው፤ ይሄኛው ይሄኛው ነው» ብዬ እመልሰዋለሁ። ይህንን ጥንካሬ ነው ብዬ እኮራበት ነበር።

በድርጅቱ ውስጥ ለየትኛው ጤና ጣቢያ ምን ያህል መድኃኒት እንደቀረ የሚያሳይ ሪፖርት በኮምፒዩተር ይታያል። ሪፖርቱ ሳይታይ መኪና አይጫንም። ባለፈው ሳምንት ይህ ነገር ተበላሸ። ሠራተኞቹ በበሬ ሲያልፉ ሲያማርሩ እሰማ ነበር። ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን ሲሰጡት ያስገባቸዋል፤ ገጹን ሊገልጡ ሲሉ እንደገና «ማነህ?» ይላቸዋል። እንደገና ሲነግሩት ያስገባቸዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠይቃቸዋል። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ሴት ናት፣ «አባ መቀርቀሪያ፣ ኮምፒዩተሩ ውስጥም እርስዎን ቀጠሩ እንዴ? ስሜን እስክረሳው ድረስ ጠየቀኝ!» አለችኝ። «ጥሩ ዘበኛ ነው ማለት ነው» አልኳት። እሷ እየቀለደች ነበር፤ እኔ ግን እንደ ምስጋና ቆጥሬው ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

የይለፍ ቃል ለኔ አዲስ ነገር አይደለም። በጉብዝናዬ ጊዜ በጦር ሰፈር ዘብ ቆሜያለሁ። ዘቡ «ማነህ?» ይላል፤ መጪው የዕለቱን ቃል ይናገራል፤ ያልፋል። የሚጠየቀው አንዴ ነው። ሁለተኛ የተጠየቀ ሰው ተጠርጥሯል ማለት ነው፤ ሦስተኛ ከተጠየቀ ጠመንጃው ጎርሷል። እኔን ያሳሳተኝ አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ይህ ዕውቀቴም ነው።

እሁድ ጠዋት ከቤት ልወጣ ስል ሚስቴ በር ላይ ቆማ «ወንድሜ ንገሪው ብሎኛል፤ ዛሬ አንዲት...» ብላ ጀመረች። ሳትጨርስ አቋረጥኳት። «የሱን ወሬ በቤቴ አልሰማም! ስለ በር ከሆነ እኔም በር አለኝ» አልኳት። «አንተ ሰውዬ፣ ልጨርስ እንጂ!» አለች። አልጨረሰችም፤ ጥያት ወጣሁ። ዛሬ ልትነግረኝ የነበረውን አውቄዋለሁ። ያን ጊዜ ቆሜ ብሰማ ኖሮ ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም ነበር፤ ያቺም ልጅ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ባልተቀመጠች።

እሁድ ግቢው ባዶ ነው። የኋላ በር እሁድ ከቀትር በኋላ ይዘጋል። የሚስቴ ወንድም እንደ ልማዱ ዘግቶ፣ ከዚያም የታመመች አክስታቸውን ሊጠይቅ ከከተማ ወጣ። ከቀኑ ወደ 9 ሰዓት ገደማ ሕንጻውን ለመዞር ተነሳሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የኮምፒዩተሩ ክፍል በር ገርበብ ብሎ አገኘሁት። በር ላይ የሴት ጫማ ተቀምጧል። ሌባ ጫማውን የሚያወልቀው ኮቴው እንዳይሰማ ነው። ጫማውን አነሳሁና በስንጥቁ ተመለከትኩ።

አንዲት ወጣት ሴት ሹራብ ለብሳ፣ ጸጉሯ ውስጥ እስክሪብቶ ሰክታ፣ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ ላፕቶፕ አለ። በግራና በቀኟ ሁለት ትልልቅ ማሽኖች ያጉረመርማሉ። እሷ ከማሽኑ ጋር ትጣላለች። «ደግሞ ማነሽ ትለኛለህ? አሁን አይደል እንዴ የነገርኩህ! አንተ ደንቆሮ!» ትላለች። ቁልፎቹን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች፣ ትጠብቃለች፣ «ይኸው ደግሞ!» ትላለች። እኔ በስንጥቁ ውስጥ በልቤ ቆጠርኩ። ይህቺ ሴት ከሦስት ጊዜ በላይ ተጠይቃለች። ጠመንጃው ጎርሷል አልኩ።

ስልኳ ወለል ላይ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያወራል። የወንድ ድምፅ ነው፤ ያን ጊዜ አልለየሁትም። ድምፁ «ይኸውልሽ፣ ይኸውልሽ፣ በኔ ስም ግቢ፤ የኔ ስም የትም ያስገባል» አላት። እሷም «በርስዎም ስም ሞክሬያለሁ፤ አንዱ ሲያስገባኝ ሌላው ያባርረኛል። አሁን ቁልፉን ከአንደኛው ገልብጫለሁ፤ ሁለተኛው ላይ ላስገባውና እናያለን» አለችው። ድምፁም «ይኸውልሽ፣ ብቻ ነገ ዳይሬክተሩ ሳይገቡ ይለቅ። እኔ ማዘዜን ግን ለማንም እንዳትናገሪ» አላት።

ለኔ ነገሩ አለቀ። ጫማዋን አውልቃለች። በሰው ስም ትገባለች። ቁልፍ ገልብጣለች። ቁልፍ መገልበጥ ምን እንደሆነ የማያውቅ ዘበኛ የለም፤ ሌባ ቁልፍ የሚገለብጠው በሳሙና ነው። ይህቺ ደግሞ በኮምፒዩተር ገለበጠችው አልኩ። በሩን ዘጋሁና ከውጭ መቀርቀሪያውን ወረወርኩት።

ውስጥ ሣጥኑ ሲወድቅ ሰማሁ። «ማነው? በሩ ተዘጋ እኮ!» አለች።

«አንቺ ማነሽ?» አልኩ።

«ባለሙያ ነኝ! ሰርቨሩን የምሠራ!»

«ማን አስገባሽ?»

«የኋላ በር ጥበቃው! ጠዋት ነው ያስገቡኝ፤ ሻይ ሁሉ ሰጥተውኛል። ይደውሉላቸው፣ አባቴ!»

«ከሱ ጋር አልነጋገርም» አልኳት።

«አልነጋገርም ማለት ምን ማለት ነው?» አለች።

«አልነጋገርም ማለት አልነጋገርም ነው።»

ስልክ ስትደውል ሰማሁ፤ አይነሳም። ደጋግማ ደወለች፤ አይነሳም። ያ «ይኸውልሽ» ሲላት የነበረው ሰው የመቀርቀሪያውን ድምፅ ሰምቶ ነው መሰለኝ ጠፋ። በመጨረሻ በሩ ሥር መጥታ ተቀመጠች፤ ድምፅዋ ከታች ይመጣ ነበር። «አባቴ፣ ልንገርዎት። እዚህ ሁለት ማሽኖች አሉ፤ ሥራቸው አንድ ነው። ፊታቸው ደግሞ አከፋፋይ አለ። አንዱ ላይ ሥራ እንዳይበዛ የመጣውን ሰው አንዴ ለዚህ፣ አንዴ ለዚያ ይሰጣል። ያኛው ጠይቆኝ ማኅተም ይሰጠኛል። ገጽ ስገልጥ አከፋፋዩ ወደዚህኛው ይልከኛል። ይሄኛው የዚያኛውን ማኅተም አያውቀውም፤ ማነሽ ይለኛል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቁልፍ መያዝ ነበረባቸው። ባለፈው ሳምንት አንዱን አሮጌ አውጥተው አዲስ ሲተኩ፣ አዲሱ የራሱን ቁልፍ ይዞ መጣ። በሽታው ይኸው ነው። አንዱ ያስገባውን ሰው ሌላው አያውቅም፤ አይነጋገሩም» አለችኝ። ከዚያ ሳቀች። «እንደርስዎና እንደ ኋላ በሩ ሰውዬ» አለች።

«ስለዚህ ቁልፍ እየገለበጥሽ ነው» አልኳት።

«አዎ!» አለች ደስ ብሏት፤ የገባኝ መስሏት።

በራሷ አፍ አመነች አልኩና ለፖሊስ ደወልኩ።

እዚህ ላይ መርማሪው «የነገረችዎት አልገባዎትም ነበር ማለት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። ስለ ማሽኑ ሁሉም አልገባኝም። ስለ ሁለቱ ዘበኞች ያለችው ግን በደንብ ገብቶኛል፤ ደንቆሮ አይደለሁም። የተናደድኩት ስላልገባኝ አይደለም፣ ስለገባኝ ነው። ተቆልፎባት እንኳ የምትስቅብኝ መሰለኝ። አንድ ሰው ስቆብኝ ስንት ወር ተኳርፌያለሁ፤ እሷ ደግሞ በዚያው ቁስል ላይ ጣቷን አስገባች።

ፖሊሶቹ ሲመጡ አንደኛው «የኋላ በር ጥበቃው ነው ያስገባኝ ትላለች፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ «የኋላ በር ከቀትር ጀምሮ ዝግ ነው» ብዬ መለስኩ። ይህ እውነት ነው። መቀርቀሪያውን በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ያልተጠየቅሁትን እውነት ነው የመለስኩት። ጠዋት ገብታ ሊሆን እንደሚችል አውቅ ነበር። የሚስቴ ወንድም ቁጥር ኪሴ ባለው ስልኬ ውስጥ ነበር፤ ሚስቴ ከዓመታት በፊት አስገብታልኝ፣ አንዱን ቁጥር ጫን አድርጌ ስይዘው ወደሱ ይደውላል። አንድ ጣት ነበር የሚበቃው። ያቺን አንድ ጣት ነፈግኳት።

ልጅቷ «ጫማዬን ላድርግ» አለች። ጫማው በኔ እጅ ነበር፤ «ማስረጃ ነው» ብዬ ከለከልኳት። በካልሲ ነው መኪናው ላይ የወጣችው። ለምን እንዳወለቀችው ዛሬ ጠዋት ከመርማሪው ነው የሰማሁት፤ የዚያ ክፍል ወለል ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ተረከዟ እየገባ አስቸግሯት ነው። ፖሊሶቹ የኮምፒዩተሩን ሥራ ለሚመራው ለመረጃ ክፍሉ ኃላፊ ደውለው ነበር። እሱ «አላውቃትም፣ እኔ አላዘዝኩም» አለ። በዚህም ምክንያት እስከ ዛሬ ታስራለች።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ግቢ ውስጥ ተሰበሰበ። የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ መሃል ቆሞ አመሰገነኝ። ለድርጅቱ ዓይን ነዎት፣ ፎቶዎ ተሠርቶ በፊት በር ላይ ይሰቀላል አለ። ተጨበጨበልኝ። ሾፌሮቹም አጨበጨቡ። በወረቀቱ የሳቁብኝ ሾፌሮች ናቸው፤ ሲያጨበጭቡ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። ከዚያ ኃላፊው እጄን ጨበጠና «ይኸውልዎት፣ ይኸውልዎት አባታችን፣ እንዲህ ነው እንጂ ዘበኛ!» አለ።

በር ላይ ያረጀ ሰው መጪውን ከፊቱ በፊት በድምፁ ያውቀዋል። ያ ድምፅ ወለል ላይ የነበረው ድምፅ ነበር። እጁ በእጄ ውስጥ እንዳለ ነው የለየሁት። ፊቴ ተለዋውጦ እንደሆነ አላውቅም፣ እሱም እንዳወቅሁ አወቀ። ቆይቶ ከቆመው መኪና ጀርባ ወሰደኝ።

«ልጅቷ ስልክ ስታወራ ሰምተዋል እንዴ?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«ምን ሰሙ?»

«ይኸውልሽ፣ ይኸውልሽ የሚል ሰው ሰማሁ» አልኩት።

«ይኸውል...» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «አባታችን፣ ዳይሬክተሩ ያለ ደብዳቤ ማንም ማሽኑን እንዳይነካ ብለዋል። ሳይታይ ላሠራው ብዬ ነው። የራሴን ስም ለውጭ ሰው መስጠቴ ከታወቀ ወንበሬን አጣለሁ። እሷ ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ አታጣም። ለርስዎም ያስቡ። እውነቱ ከወጣ ሰው ምን ይላል? ባለሙያ አስሮ ነው ያን ሁሉ ጭብጨባ የበላው ነው የሚለው። ስልክ አልሰማሁም ይበሉ፣ አለቀ።»

«አስብበታለሁ» አልኩት።

ማሰብ አልነበረብኝም። መርማሪው ይህን ቃል ልክ እንዳልኩት ይጻፈው። ማሰብ አልነበረብኝም። ወደ በሬ ተመልሼ ቀኑን ሙሉ የገባው የወጣው «ጀግናው!» ሲለኝ ጥርሴን እያሳየሁ ተቀበልኩ። ማሽኑም ሰውን መጠየቁን አላቆመም፤ መኪኖቹ ሳይጫኑ ቆመው ዋሉ። የምታስተካክለውን ሰው ይዤ ፖሊስ ጣቢያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ይህን ነው። የእሁዱ ጥፋቴ የችኮላ ነው፤ የሰኞው ግን ተቀምጬ፣ አውቄ፣ እየተጨበጨበልኝ የሠራሁት ነው። ከሁሉም የማፍረው በሰኞው ነው።

ሰኞ ማታ የሚስቴ ወንድም ከአክስታቸው ዘንድ ተመለሰ። ቤቴ ገብቶ ከኔ ፊት ለፊት ተቀመጠና ለሚስቴ «እትዬ፣ ንገሪው፤ እሁድ ጠዋት ሴትየዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ። የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ ራሳቸው ደውለው አስገባት ብለውኛል» አላት።

ሚስቴ ወደኔ አልዞረችም።

«ንገሪው እንጂ፣ እትዬ!»

«አልነግርም» አለች። «አፌ ደክሟል። እሱም ጆሮ አለው፣ አንተም ምላስ አለህ። የሰው ልጅ በናንተ ኩርፊያ ታስራ እኔ መልእክት ላመላልስ? እሁድ ጠዋት ልነግረው ብል በሩን በፊቴ ዘግቶ ወጣ! ከዛሬ ጀምሮ ይህ ስልክ ተቆርጧል» ብላ ወደ ጓዳ ገባችና በሩን ዘጋችው።

ሁለታችን ቀረን። የሱን እግር አየሁ፣ የኔን እግር አየሁ። ስንት ወር ያላወራ ሰው ምን ይላል?

«ሻይ ሰጥተሃት ነበር?» አልኩት።

ደነገጠ። «ለማ... ለልጅቷ? አዎ፣ ጋሼ። ሰጥቻታለሁ» አለ።

«እሷም ብላኛለች» አልኩት።

ከዚያ እሱ «ያን ጊዜ ስለ ወረቀቱ ያልኩት...» ብሎ ጀመረ። «ስለ ወረቀቱ አሁን አላነሳሁም፤ ጠዋት አብረን እንሄዳለን» አልኩት። ሚስቴ ከጓዳ ሆና ስታስነጥስ ሰማን፤ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ጣቢያ አብረን መጣን። ጫማውን በፌስታል ይዤ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ልጅቷን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲያሳልፏት ፊት ለፊት ተገናኘን። እግሯ ላይ የእስረኛ ነጠላ ጫማ ነበር፤ ለእግሯ ይሰፋል። ፌስታሉን ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝና «አባቴ፣ ደወሉላቸው?» አለችኝ።

«ይኸው ራሱ መጥቷል» አልኳት።

እሱን አየች፣ እኔን አየች። «ተነጋገራችሁ?» አለች። ራሴን ነቀነቅሁ። ቀና ብዬ ግን አላየኋትም።

«እንግዲህ የቀሩት ማሽኖቹ ናቸው» አለችና አለፈች።

በዚህም መሠረት የምመሰክረው የሚከተለውን ነው። ያቺ ሴት የገባችው ተፈቅዶላት፣ በኋላ በር፣ በቀን፣ ተጠይቃ ነው። ስልክ ላይ ሲያዛት የሰማሁት ድምፅ የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ ድምፅ ነው፤ ሰኞ ከመኪናው ጀርባም አዝዣታለሁ ብሎ በአፉ ነግሮኛል። ፊት ለፊት ቆሞ «አላልኩም» ቢለኝ እዚያው ፊት ለፊት እደግመዋለሁ። የተጨበጨበልኝ ጭብጨባ ይመለስ ማለት አይቻልም፤ ፎቶዬ ግን በዚያ በር ላይ እንዳይሰቀል፣ ከተሰቀለም በገዛ እጄ እንደማወርደው አስታውቃለሁ። ይቅርታዬን በወረቀት አላደርገውም። ስትወጣ በዚህ ጣቢያ በር ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። መርማሪው ይህኛው የምስክርነት ቃል አይደለም ብሎኛል። ይሁን፤ ይጻፍ ብያለሁ።

ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ የተናገርኩት ይህ ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት እሁድ በሌላ ሰው ላይ የጠራሁት ሕግ በኔ ላይ ይምጣ። ማንበብ ስለማልችል መርማሪው ሊያነብልኝ ሲጀምር፣ «ከሆነስ የሚስቴ ወንድም ያንብብልኝ» ብዬ ጠይቄያለሁ። የሱ ቃል አስቀድሞ በሌላ ክፍል ስለተወሰደ መርማሪው ፈቅዷል፤ ከኮሪደሩ ተጠርቶ ገብቷል። ስለ ወረቀቱና ስለ ሳቁ የተናገርኩበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ ቆሟል። «አንብብ፤ የተጻፈውን ነው» ብዬዋለሁ፤ እስከ መጨረሻው አንብቧል። ጣቴን ከማኖሬ በፊት ወረቀቱ በትክክል መቀመጡን ጠይቄዋለሁ። «ቀጥ ብሏል፣ ጋሼ። አልተገለበጠም» ብሎኛል። በሱ ቃል አምኜ አሻራዬን አኑሬያለሁ።

የምስክሩ የግራ እጅ አውራ ጣት አሻራ፦ (አለ)
ቃሉን ለምስክሩ ያነበበው፣ የኋላ በር ጥበቃ፦ (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ (ፊርማ)